እባብ የምታሳድጉ ሰዎች፣ እኚህን ሐኪም እወቁልኝ

ዶክተርዬ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ! ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ አልጽፍም። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። በደረታቸው የሚሳቡ እንስሳትን የሚያክሙ ሐኪም ናቸው። እንዲህ ዓይነት ሰው ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ ፈልጎ ያጣ ያውቀዋል።

እባቤ ቦል ፓይተን የሚባል ዝርያ ነው። ዘሩ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ነው። ሲፈራ ጭንቅላቱን መሃል ላይ ደብቆ ድብልብል ስለሚል ቋጠሮ አልኩት። ቤት ከገባ ጀምሮ ምንም አልቀመሰም። ቀን ከመደበቂያው አይወጣም። ሌሊት ደግሞ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ እየገፋ ሲንቆራጠጥ ያድራል። እጄን ሳስገባ አንገቱን አጣጥፎ ወደኋላ ይስብና ያፈጥብኛል። (እባብ ለካ የዓይን ቆብ የለውም፤ ቢፈልግም ከማፍጠጥ ሌላ አማራጭ የለውም።)

የሸጠልኝ ሰው «በየቀኑ አውጥተህ እቀፈው፣ ይለምድሃል» ነበር ያለኝ። በታቀፈ ቁጥር ባሰበት። መልሼ ስደውል ስልኩን አያነሳም። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ እንግዳ መቀበያው ላይ የነበሩት «እባብ ነው ያልከው?» ብለው ተሳሳቁብኝ። ሐኪሙ ከበሩ ሳይጠጋ «በግድ ማብላት ነው» አለ። ከዚያ አፉን የሚፈለቅቅበት ብረት ይዞ መጣ። ቋጠሮን አንስቼ ወጣሁ። የምርመራውን ሂሳብ ግን ሳያፍሩ ተቀብለውኛል! ሌላ ቦታ ደግሞ ቪታሚን፣ ጠብታ፣ አምፖል፣ ያልሸጡልኝ ነገር የለም። አንድም ሰው ግን «እስቲ ማደሪያው ምን ይመስላል?» ብሎ አልጠየቀኝም። ጨጓራዬን ነው የላጡት።

ዶክተሯ ቤት ድረስ መጡ። ቦርሳቸውን እንኳ አልከፈቱም። ወንበር ሳቡና ከሳጥኑ ፈንጠር ብለው ተቀመጡ። እኔ ችግሬን ልዘረግፍ ስል እጃቸውን ከፍ አድርገው ዝም አሰኙኝ። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ የቋጠሮ አፍንጫ ከመደበቂያው ብቅ አለች፤ ምላሱም ቀስ ብላ ወጣ ገባ አለች።

«አየህ? እያሸተተን ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሽታ የሚሰበስበው በምላሱ ነው። እንዲህ ረጋ ብሎ ሲያወጣት ሊያውቀን ፈልጓል ማለት ነው።»

ከዚያ እጃቸውን ከጎን በኩል፣ ከመሬቱ ሳይነሱ፣ ቀስ እያሉ አስገቡ። ከላይ የሚመጣበትን ነገር ሁሉ ሊበላው የመጣ ነው የሚመስለው አሉ። እኔ ስጠጋው አንገቱን የሚያጣጥፈው እንስሳ በእሳቸው እጅ ላይ ተዘረጋ! ትንፋሹን አዳመጡ፣ አፉን አዩ፣ ቆዳውን ተራ በተራ ዳበሱ። «ልጄ፣ ይሄ አልታመመም። ፈርቶ ነው።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እኔ ቤት ግን የበረየው እባቡ ራሱ ነበር።

የሳጥኑን ሦስት ጎን በወረቀት ሸፈኑት። ሁለት ጠባብ መደበቂያ እንዲኖረው አዘዙ፤ አንዱ ሞቃቱ ጫፍ ላይ፣ ሌላው ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ። ገላው ግድግዳውን ሲነካ ነው የተደበቀ የሚመስለው። ሙቀቱን በራሳቸው መለኪያ ለኩት፤ ሳጥኑ ላይ ተለጥፎ የተሸጠልኝ መለኪያ ለካ ሲዋሽ ኖሯል። ሞቃቱ በኩል ከ31 እስከ 33 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው በኩል ከ24 እስከ 27 መሆን አለበት። ሙቀቱን የምትቆጣጠረውን ቴርሞስታትም የሆነ ነገር አደረጓት። ምኑን ከምን እንዳገናኙት አትጠይቁኝ፣ ብቻ ሠራች።

«ለአንድ ሳምንት አትንካው። ውሃውን ቀይርና ውጣ። ከዚያ ሲመሽ በረዶው የቀለጠለትና የሞቀ የሞተ አይጥ በመቆንጠጫ አቅርብለት። ከበላ በኋላም 48 ሰዓት እንዳታነሳው» አሉኝ።

ሳምንቱ አለፈ፤ አይጧን ግን ዞር ብሎም አላያትም። አንድ ሌሊት ደግሞ ዓይኑ ወተት የፈሰሰበት መስሎ ሰማያዊ ሆኖ አገኘሁት። ታወረ ብዬ ቆሌዬ ተገፈፈ። በዚያ ሰዓት ደወልኩላቸው። አነሱት! አልተቆጡ፣ አልተሰላቹ። «ቆዳውን ሊቀይር ነው፤ አሁን አጥርቶ አያይም፣ ብትነካው ይደነግጣል። ምግቡን ተወው፣ እርጥበቱን ጨምርለት፣ አንተም ተኛ» አሉኝ። ለዚህ ሁሉ ምክር ምንም አላስከፈሉኝም።

እንዳሉትም ዓይኑ መልሶ ጠራ፤ ከቀናት በኋላ ቆዳው ከአፍንጫ እስከ ጅራት ሳይቆረጥ ወለቀ። በቆብ ፈንታ ዓይኑን የሚሸፍነው ስስ ቆዳ ሳይቀር አብሮ ወጥቶ ነበር፤ አብሮ ካልወጣ ሐኪም ማየት አለበት ስለተባልኩ መብራት ይዤ ነው የፈለግኩት። በማግስቱ ማታ አይጧን አንዴ ብቻ አሸተታት፣ ቀጭ አደረጋት፣ ተጠመጠመባት። እንዲህ የምጮህ ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር።

እናቴ ቋጠሮ ከመጣ ጀምሮ ወደ እኔ ቤት እግሯን አላነሳችም። «ከእኔና ከእሱ ምረጥ» ብላኝ ነበር። አሁንም አልመጣችም። ግን ስትደውል «ያ ጉደኛህ በላ?» ትለኛለች። ዶክተሯን አንድ ቀን በስልክ አገናኘኋቸው፤ ብዙ አወሩ። ስለ እባብ ሳይሆን ስለ ጉልበት ሕመም ነው ያወሩት።

ወገኖቼ፣ ቦል ፓይተን ከ20 እስከ 30 ዓመት አብሯችሁ ሊኖር የሚችል እንስሳ ነው። አልበላም ሲል አትደናገጡ፤ ክብደቱ እስካልቀነሰ ድረስ ለወራት ሳይበላ የሚቆይ ጤነኛ አለ። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ ሲር ሲር የሚል ወይም አፉ ላይ አረፋ የሚታይ ከሆነ ግን ሳታድሩ ውሰዱት። ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እባካችሁ ለማንም ነጋዴ ኪሳችሁን ከማራቆታችሁ በፊት እሳቸው ጋ ደውሉ። አሁንም እደግመዋለሁ፣ እሳቸው ጋ ደውሉ!

ስትደውሉ የእባባችሁን ክብደትና የሳጥኑን ሙቀት በሁለቱም ጫፍ ለክታችሁ ያዙ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።