የመንጋጋ ሩት ካናል በከዚራ፦ ሥሩ በደንብ ጸድቷል፣ ክዳኑ ላይ ግን ቅሬታ አለ

እዚህ የሚገመገመው ድሬዳዋ ከዚራ ካሉት የግል የጥርስ ክሊኒኮች አንዱ ለታችኛው መንጋጋ ጥርስ የሚሰጠው የሩት ካናል ሕክምና ነው፤ ይኸውም የታመመውን ነርቭ ከጥርሱ ውስጥ አውጥቶ፣ ሥሩን አጽድቶ መሙላት ነው። ፍርዱን ከወዲሁ ለመናገር፣ የጥርሱን ውስጥ የሚያጸዱበት መንገድ ጥሩ ነው፤ ቀጠሮ አሰጣጥ፣ ዋጋ ማስረዳትና በተለይ ጥርሱን ክዳን (ከላይ የሚለብሰውን ጠንካራ ሽፋን፣ ክራውን) አልብሶ መጨረስ ላይ ግን ይቀራቸዋል። ብዙ ጥርስ የሚጠፋውም እዚሁ መጨረሻው ላይ ነው።

ምርመራው በጥድፊያ አይደለም። የቀዘቀዘ ጥጥ መጀመሪያ ጤነኛው ጎረቤት ጥርስ ላይ፣ ከዚያ የታመመው ላይ ያስነካሉ። ጤነኛ ነርቭ ቅዝቃዜው ሲነሳለት ወዲያው ይረጋጋል፤ የማይድን ደረጃ ላይ የደረሰ ነርቭ ግን ሕመሙ ብዙ ጊዜ 30 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይቆያል፤ የሞተ ነርቭ ደግሞ ጭራሽ አይሰማውም። ቀጥሎ በመስታወቱ እጀታ ጥርሱን መታ መታ ያደርጋሉ። ያ ካሳመመ ቁጣው ከሥሩ ጫፍ አልፎ ወጥቷል ማለት ነው። ራጅ የሚነሳው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቁስሉ ገና ትንሽ ከሆነ ራጁ ላይ ላይታይ ስለሚችል ቅደም ተከተሉ ልክ ነው።

ትኩሳትና እብጠት ለሌለው ሰው አንቲባዮቲክ አለማዘዛቸው ያስመሰግናቸዋል። አሞክሲሲሊን ከፋርማሲ ገዝቶ «ተሻለኝ» ማለት የተለመደ ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚቀንሰው ግን ነርቩ ስለሞተ ነው። መድኃኒቱ የሚጓዘው በደም ነው፤ የሞተ ነርቭ ውስጥ ደም አይዘዋወርም፤ ስለዚህ ጀርሙ እዚያው ተቀምጦ ይቆያል።

ማደንዘዣው 2 በመቶ ሊዶካይን ከአድሬናሊን ጋር ነው፤ አንዱ ካርትሪጅ (የማደንዘዣው ብልቃጥ) 1.8 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ለታችኛው መንጋጋ መርፌው ከአፍ ኋላ፣ ነርቩ ወደ አጥንቱ ከሚገባበት አጠገብ ይወጋል፤ እስኪይዝም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከንፈር ደነዘዘ ማለት ጥርሱ ደነዘዘ ማለት አይደለም፤ በጣም የተቆጣ ነርቭ ላይ መርፌው አልይዝ ማለቱ የታወቀ ነው። እዚህ ከመቦርቦራቸው በፊት በቀዝቃዛው ጥጥ እንደገና ይፈትሹታል፤ ከተሰማ በጥርሱና በአጥንቱ መሃል ትንሽ ይጨምራሉ። ያልጠየቁት ነገር ጫት ነው፤ በድሬ ይህ ሊታለፍ የማይገባው ጥያቄ ነበር። ጫት ራሱ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ መርፌው ውስጥ ደግሞ አድሬናሊን አለ። ባይጠየቁም ይናገሩ፤ ቢቻል ቀጠሮውን ከበርጫ በፊት፣ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ያድርጉት።

ከሁሉ የሚያስመሰግናቸው ራበር ዳም መጠቀማቸው ነው፤ በብረት መቆንጠጫ ጥርሱ ላይ የሚወጠር ስስ ላስቲክ ነው። ምራቅ ወደ ቦዩ፣ ማለትም በሥሩ ውስጥ ነርቩ ወደሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ፣ እንዳይገባ፣ ፋይል (ቦዩን የሚፍቀው መርፌ መሰል መሣሪያ) አምልጦ እንዳይዋጥ፣ ማጠቢያው ድድና ጉሮሮ እንዳይደርስ ይከላከላል። ያለሱ ፋይል ሊያስገባ የተነሳ ሐኪም ካጋጠመ «ላስቲኩስ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

የታችኛው የመጀመሪያው መንጋጋ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሥርና ሦስት ቦይ አለው፤ አራተኛ የሚገኝበትም ጊዜ አለ። የተረሳ አንድ ቦይ የቀረውን ልፋት ከንቱ ያደርገዋል። የቦዩን ርዝመት የሚለኩት አፔክስ ሎኬተር በሚባለው መሣሪያ ነው፤ አንዱ ሽቦ ከንፈር ላይ ይንጠለጠላል፣ ሌላው ፋይሉን ይይዛል፣ ወደ ሥሩ ጫፍ ሲጠጋ መሣሪያው ይጮኻል። ሥራው የሚጀምረው በቁጥር 10 የእጅ ፋይል ነው፤ ጫፉ 0.10 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ በማሽን የሚዞሩት የኒኬል ታይታኒየም ፋይሎች ይከተላሉ። እነዚህ እንደ ልብ ይተጣጠፋሉ፤ ግን በጠማማ ቦይ ውስጥ ተደጋግመው ሲሠራባቸው ደክመው ይሰበራሉ፤ ስባሪው ውስጥ ከቀረ ከበስተኋላው ማጽዳት ከባድ ነው። እዚህ ፋይሎቹ ከኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም ከሚገድለው ማሽን) ታሽገው መጥተው ታካሚው ፊት ነው የሚከፈቱት።

ፋይል ቦዩን ያሰፋዋል እንጂ ሁሉን ጥግ አይደርስም፤ ጀርሙን የሚገድለው ማጠቢያው ነው። ማጠቢያው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ የበረኪና ዘር ስለሆነ ሽታው ያስታውቃል፤ መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 5.25 በመቶ ነው። መርፌው ጎኑ ላይ ቀዳዳ ያለውና ከሥሩ ጫፍ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ቀድሞ የሚቆም መሆን አለበት። በኃይል ተገፍቶ ከጫፉ ካለፈ ድንገተኛ ከባድ ሕመም፣ በደቂቃዎች ውስጥ እብጠት፣ ቆይቶም የፊት መበለዝ ያመጣል። እዚህ ቀስ እያሉ፣ ደጋግመው ያጥባሉ፤ በመጨረሻ በፋይሉ የተፈጨውን ብናኝ ለማንሳት 17 በመቶ ኢዲቲኤ የተባለ ሌላ ማጠቢያ ይጨምራሉ።

ቅሬታው ከዚህ በኋላ ይጀምራል። መግል ላለው ጥርስ ውስጡ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ ጀርም ገዳይ መድኃኒት ተቀብሮ በጊዜያዊ ሙሊት ይዘጋል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ክሊኒኩ ግን ቀጠሮ ሞላ እያለ ከወር በላይ ያራዝማል። ጊዜያዊ ሙሊት ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካልኖረው ያሾልካል፤ በሰፊው ቢሞላም ቆሎና የጫት እንጨት ሲታኘክበት ይሸረፋል፣ ምራቅ ይገባል፣ የታጠበው ቦይ ተመልሶ ይበከላል። ከሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚመላለስ ሰው ይህ ድርብ ኪሳራ ነው፤ የሁለተኛውን ቀን ሳያስቆርጡ ከወንበሩ አይነሱ።

የመጨረሻው ሙሊት ጉታ ፐርቻ (ጎማ መሰል መሙያ) ከማጣበቂያው ጋር ነው። ራጁ ላይ ነጩ መስመር ከሥሩ ጫፍ በ2 ሚሊ ሜትር ክልል ውስጥ፣ ባዶ ቦታ ሳይተው መድረስ አለበት። ራጁን ሲጠየቁ በቴሌግራም ይልካሉ፤ ያስቀምጡት፣ ነገ ሌላ ሐኪም ጋ ቢሄዱ ይጠቅማል።

ክዳኑ ላይ ግን አጥፍተዋል። ትልቅ ክፍሉ ተበልቶና ተቦርቡሮ የቀረ መንጋጋ ግድግዳው ስስ ነው፤ ክዳን ካልለበሰ አጥንት ሲቆረጠም ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ወደ ሥሩ ከወረደ ሩት ካናሉ ምንም ያህል ቢያምር ከማስነቀል ውጪ መላ የለውም። ክሊኒኩ መጀመሪያ የሚናገረው የሩት ካናሉን ዋጋ ብቻ ነው፤ የክዳኑ ዋጋ የሚወጣው ሥራው ሲያልቅ ነው። ገንዘቡን ያላዘጋጀ ሰው ሙሊቱን ይዞ ይሄድና ይቀራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ራጁ፣ ዘላቂው ሙሊትና ክዳኑ በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩን በወረቀት ያስጽፉ።

ከሕክምናው በኋላ ጥቂት ቀን ሲነክሱ ማመሙ ያለ ነው። ለአዋቂ ከምግብ ጋር 400 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን ይበቃል፤ ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያመው ሰውና ነፍሰ ጡር በፓራሲታሞል ይወሰኑ። ድንዛዜው ሳይለቅ አያኝኩ፤ ጉንጭዎን ሳያውቁት ይነክሱታል። ይህን ሁሉ ክሊኒኩ ይነግራል። የማይነግረው፣ በር ከዘጋ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለብዎ ነው። እብጠቱ ወደ መንጋጭላ ሥር ከወረደ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ድል ጮራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

አንድ ቦይ ብቻ ላለው የላይኛው የፊት ጥርስ ይህ ክሊኒክ ያለማመንታት ይመከራል፤ ብዙ ካልተሸረፈ ክዳንም ላያስፈልገው ይችላል። ለመንጋጋ ደግሞ የክዳኑ ዋጋና የሁለተኛው ቀጠሮ ቀን ቀድመው ከተቆረጡ ብቻ።