የአዲሱን ላፕቶፕ ዲስክ መከፋፈል ወይስ ፎርማት ማድረግ?

ጎንደር ፒያሳ የገዛሁት ላፕቶፕ ዲስኩ 512 ጂቢ ነው። ስከፍተው ያለው ሲ (C) የሚባለው የዲስክ ክፍል ብቻ ነው፣ 475 ጂቢ ገደማ። አልጎደለም፤ ዊንዶውስ በ1024 እያካፈለ ስለሚቆጥር ነው። ፎቶና ሰነዴን ለብቻ ማስቀመጥ ፈለግሁ።

አንዱ መንገድ ሲን ቀንሶ በተለቀቀው ቦታ ሌላ ክፍል መፍጠር ነው። ስታርት ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ዲስክ ማኔጅመንት፣ ከዚያ ሲ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ሽሪንክ ቮልዩም። ደቂቃዎች ይበቁታል። አብሮ የመጣው ሶፍትዌርም አይነካም። አንዳንዴ ግን ባዶ ቦታ እያለ የፈለጋችሁትን ያህል አይለቅም። የማይንቀሳቀሱ ፋይሎች መሃል ላይ ተቀምጠው ይይዙታል።

ሌላው ሁሉንም አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። ያልጠየቃችሁት ፕሮግራም ሁሉ ይጸዳል። የዊንዶውስ የፈቃድ ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ስላለ አክቲቬሽን፣ ማለትም ፈቃዱን ማረጋገጥ፣ አያስጨንቅም። ጣጣው ሪከቨሪ ፓርቲሽኑ፣ ማለትም ዊንዶውስን መመለሻው ያለበት የዲስክ ክፍል፣ ነው። የቀድሞ ላፕቶፔን የጫነልኝ ልጅ ሳይጠይቀኝ አጠፋው፤ ከፋብሪካ ወደ መጣበት መመለሻ አጣሁ። ዋይፋዩም ድራይቨር (የሚያሠራውን ሶፍትዌር) አጥቶ ዝም አለ። ማራኪ ሰፈር ድረስ ሄጄ ከጓደኛዬ ኮምፒውተር በፍላሽ አመጣሁለት።

አዲስ ዕቃ ላይ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ሁለተኛው የግድ ከሆነባችሁ ግን መጀመሪያ ሪከቨሪውን ፍላሽ ላይ ገልብጡ፣ የዋይፋይ ድራይቨሩን አውርዱ። ባትሪውንም ሙሉት፤ መብራት መሃል ላይ ሊሄድ ይችላል።