ከእማዬና ከጋሼ ጋር በሚሺጋን ሐይቅ ዙሪያ፦ ለትልልቅ ሰዎች ይሆናል ወይ?

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። አዎ፣ ይሆናል። እናት አባት ወይም አክስት አጎት ይዛችሁ አሜሪካ ውስጥ የት እንሂድ ብላችሁ የተጨነቃችሁ ካላችሁ፣ ኒውዮርክንና ላስ ቬጋስን ለጊዜው ተዉአቸውና ይህን መንገድ አስቡበት። ከቺካጎ ተነስቶ በዊስኮንሲን በኩል ወደ ሰሜን፣ ከዚያ ሐይቁን በመርከብ አቋርጦ ወደ ሚሺጋን፣ ከዚያ ማኪናው ደሴት፣ ከዚያ ደግሞ የሐይቁን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ ወደ ቺካጎ መመለስ ነው። እኔ የሄድኩት ከእማዬና ከታላቅ ወንድሟ ከጋሼ ጋር ነው። እማዬ ስኳር አለባት። ጋሼን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ደረጃ ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል፣ ግን ደከመኝ የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። እንደ እነሱ ዓይነት ሰው ይዞ የሄደ ሰው የጻፈው ነገር ፈልጌ ስላጣሁ ነው ይህን የምጽፈው።

ጉዞውን የወደድኩበት ምክንያት አንድ ነው። ዋና ዋናው ነገር ቁጭ ብሎ የሚታይ ነው። መርከቡ ይወስዳችኋል፣ ጋሪው ይወስዳችኋል፣ ተራራው ላይ መኪናው ይወስዳችኋል። ለትልልቅ ሰዎች የምናወጣው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የሚከተለው የኛን ጉጉት ነው፦ ጠዋት ሙዚየም፣ ቀን ገበያ፣ ማታ ፎቅ ላይ ወጥቶ ከተማ ማየት። እነሱ ደግሞ ልጃቸው እንዳይከፋ ዝም ብለው ይከተላሉ። ማታ እግራቸው አብጦ ስታዩ ነው የሚገባችሁ። እዚህ መንገድ ላይ ግን በቀን አንድ ነገር ብቻ አይታችሁ፣ ምሳ በልታችሁ፣ ሸለብ አድርጋችሁ ቀኑ ሞልቶ ይውላል።

የመጀመሪያው ማረፊያ ሚልዋኪ ነው፣ ከቺካጎ 90 ማይል ገደማ። እዚያ የአርት ሙዚየሙን ብቻ እዩ። በ2001 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የተከፈተው፣ አርክቴክቱ ካላትራቫ የነደፈው ሕንፃ ጣሪያው ላይ ትልቅ ክንፍ አለው፤ ሲዘረጋ 217 ጫማ ይሰፋል፣ እኩለ ቀን ላይ ታጥፎ እንደገና ይዘረጋል። ለእሱ ሰዓት ደርሳችሁ ከውጭ ቁሙ። ነፋስ ከበረታ አይዘረጉትም፣ ስለዚህ የአየር ሁኔታውን ቀድማችሁ እዩ። ሥዕሎቹን በሙሉ ለማየት አትሞክሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ ወደ መርከቧ። ኤስ ኤስ ባጀር ትባላለች። ከማኒቶዋክ፣ ዊስኮንሲን ወደ ለዲንግተን፣ ሚሺጋን 60 ማይል ውኃ ታቋርጣለች፤ አራት ሰዓት ይፈጃል። የተሠራችው የባቡር ፉርጎ ለማመላለስ ሲሆን ሥራ የጀመረችው በ1953 ነው፣ እስካሁንም የምትሄደው በከሰል እንፋሎት ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጋራዥ ውስጥ የኖሩ ሰው ናቸው። "በከሰል?" ብለው ሦስቴ ጠየቁኝ። ሁለቱ ሞተሮቿ ስኪነር የሚባሉ የእንፋሎት ሞተሮች መሆናቸውን ሳነብላቸው፣ ወንበራቸውን ትተው ስለ መርከቧ ታሪክ የተለጠፈውን ሁሉ አንድ በአንድ አስተረጎሙኝ። ጉልበታቸውን ያን ቀን አንድም ጊዜ አላነሱም።

መኪናችሁን ይዛችሁ ነው የምትሻገሩት፤ ቁልፉን ትሰጣላችሁ፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው ነድተው ያስገቡታል። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። መርከቧ ከተነሳች በኋላ መኪናው ወዳለበት መውረድ አይቻልም። መድኃኒት፣ የስኳር መለኪያ፣ መክሰስ፣ መነጽር፣ ወፍራም ልብስ ሁሉንም በእጅ ቦርሳ ይዛችሁ ውጡ። በተለይ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካላችሁ ይህን ደግማችሁ አረጋግጡ። ደረጃ የሚከብደው ወይም ዊልቸር የሚያስፈልገው ሰው ካለ ደግሞ ቲኬት ስትቆርጡ ተናገሩ፣ ወደቡ ላይ ደርሳችሁ አይደለም።

ውጭ ባለው ሰገነት ላይ ጋደም የሚባልባቸው ወንበሮች አሉ። እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ እዚያ ተቀመጠች። ሐይቁ መሐል ስትደርሱ በየትም አቅጣጫ መሬት አይታይም፣ ውኃ ብቻ ነው። "ይኼ እንዴት ሐይቅ ይባላል፣ ባሕር ነው እንጂ" አለች፤ እኔም መልስ አልነበረኝም። ውስጥ ቢንጎ ያጫውታሉ፤ እንግሊዝኛ ባይችሉም ቁጥር ብቻ ስለሆነ እያስተረጎሙ መጫወት ይችላሉ። ነፋሱ ለከበዳቸው ለብቻ ተከፍሎበት አልጋ ያላት ትንሽ ክፍል መያዝ ይቻላል፤ ለጉዞ ሕመም ለሚቸገርና ለደካማ ሰው ገንዘቡን አትሰስቱ። ከማኒቶዋክ ከሰዓት በኋላ ስትነሱ ለዲንግተን የምትደርሱት አመሻሽ ላይ ነው፣ የሚሺጋን ሰዓት ከዊስኮንሲን ስለሚቀድም ሰዓቱም በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል፤ ስለዚህ ለዲንግተን እደሩ እንጂ በጨለማ መንዳት አትጀምሩ። መርከቧ የምትሠራው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው የሞቃት ወቅት ነው።

ከለዲንግተን ወደ ሰሜን ስትነዱ ስሊፒንግ ቤር (የተኛች ድብ ማለት ነው) የሚባለው የአሸዋ ተራራ ይመጣል። እዚህ ፒርስ ስቶኪንግ የሚባል የ7.4 ማይል መንገድ አለ፣ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚኬድበት፣ በጫካ ውስጥ ዞሮ ተመልሶ የሚወጣ። በየቦታው እያቆማችሁ ታያላችሁ። ከሁሉ የሚበልጠው 9ኛው ማቆሚያ ነው፤ ከመኪና ማቆሚያው ትንሽ ተራምዳችሁ ከሐይቁ 450 ጫማ ከፍታ ላይ ትቆማላችሁ። ቁልቁል አሸዋው ላይ እየሮጡ የሚወርዱ ወጣቶች ታያላችሁ። መውረዱ ቀላል ነው፣ መውጣቱ ግን ጭንቅ ነው፤ ማስጠንቀቂያም ተለጥፏል። ልጆች አብረዋችሁ ካሉ ቀድማችሁ አስጠንቅቁ፤ እነሱ እስኪወጡ አያቶች ፀሐይ ላይ ቆመው መጠበቅ የለባቸውም።

የቦታው ስም የመጣው ከአካባቢው ነባር ሕዝብ ከአኒሺናቤ አፈ ታሪክ ነው። እናት ድብ ከሁለት ግልገሎቿ ጋር ከእሳት ሸሽታ ሐይቁን በዋና ታቋርጣለች። እሷ ትደርሳለች፣ ልጆቿ ግን ዳርቻው ሲቀራቸው ይሰምጣሉ። ዳር ላይ ሆና ስትጠብቃቸው አሸዋው አለበሳት፤ ልጆቹ ደግሞ ከፊት ለፊት የሚታዩት ሁለቱ የማኒቱ ደሴቶች ሆኑ። ይህን ለእማዬ ስነግራት ረጅም ሰዓት ደሴቶቹን ስታይ ቆየች። ወላጆቻችሁን ስትወስዱ ታሪኩን ንገሯቸው፤ ያለ እሱ አሸዋ ብቻ ነው።

የስሊፒንግ ቤር መግቢያ ለአንድ መኪና 25 ዶላር ነው፣ ለሰባት ቀን ያገለግላል። ግን 62 ዓመት የሞላው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካላችሁ የብሔራዊ ፓርኮችን የአረጋውያን ካርድ ግዙለት፤ የዕድሜ ልኩ 80 ዶላር፣ የአንድ ዓመቱ 20 ዶላር ነው። በመኪና በሚከፈልባቸው ብሔራዊ ፓርኮች ካርዱ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን አብሮት መኪናው ውስጥ ያለውንም ያስገባል። በጉብኝት ቪዛ የመጡ ወላጆች ይህን ማግኘት አይችሉም፣ ስለዚህ እነሱን ይዛችሁ ከሆነ የመኪናውን ክፈሉ።

ስለ ማደሪያ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም አሁንም ያናድደኛል። በመንገዳችን ላይ ካደርንባቸው ሞቴሎች አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ ምድር ቤት ክፍል ብዬ ይዤ ከፍዬ ሳለ ስንደርስ ሁለተኛ ፎቅ ሰጠን። ሊፍት የለውም። ጋሼ የብረት መደገፊያውን ይዘው አንድ አንድ ደረጃ ሲወጡ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። ኢንተርኔት ላይ "ምድር ቤት እፈልጋለሁ" ብሎ መጻፍ ብዙ ጊዜ ጥያቄ ነው እንጂ ቃል አይደለም። በዋዜማው በስልክ ደውላችሁ ከሰው አፍ ስሙ፣ የነገራችሁንም ሰው ስም ያዙ። መታጠቢያው ውስጥ መያዣ ብረት መኖሩንም አብራችሁ ጠይቁ።

ማኪናው ደሴትን ሁሉም ሰው ያወራለታል፣ ይገባዋልም። ከማኪናው ሲቲ በጀልባ ወደ 20 ደቂቃ ነው። ደሴቱ ላይ መኪና ከ1898 ጀምሮ ክልክል ነው። ጀልባው ሲጠጋ መጀመሪያ የሚመጣው የፈረስ ሽታ ነው፣ ቀጥሎ የኮቴው ድምፅ። ሻንጣው በፈረስ፣ ዕቃው በፈረስ፣ ሰውም በፈረስ። እማዬ ሳቀች፤ "አሜሪካ ድረስ መጥቼ ጋሪ ልሳፈር?" አለች። ተሳፈረች፣ መውረድም አልፈለገች።

የጋሪ ጉብኝቱን ያለ ምንም ማመንታት እመክራለሁ። ነጂው እየነዳ ያወራል፣ ጫካው ውስጥ ስትገቡ በሦስት ፈረስ ወደሚጎተት ትልቅ ጋሪ ትቀይራላችሁ፣ አርች ሮክ የሚባለውን ተፈጥሮ የቦረቦረውን የድንጋይ ቅስት ታያላችሁ። ጋሪው ላይ ለመውጣት ከፍ ያለ መርገጫ አለ፣ ያ ለጋሼ ከብዷቸው ነበር፤ ነጂው ወርዶ ክንዳቸውን ይዞ አወጣቸው። ደሴቱ ላይ ያለው ምሽግ እንግሊዞች በ1780 የጀመሩት ነው፣ ግን ኮረብታ ላይ ስለሆነ አቀበቱ ጉልበት ላለበት ሰው አይሆንም፤ ዝለሉት። በምትኩ ግራንድ ሆቴል ሂዱ። 1887 የተከፈተ ነው፣ በረንዳው ብቻ 660 ጫማ ይረዝማል። እንግዳ ካልሆናችሁ ለመግባት ያስከፍላሉ፤ ግን የሚወዛወዙት ነጭ ወንበሮች ላይ ተቀምጦ ሐይቁንና በ1957 የተከፈተውን አምስት ማይል የማኪናው ድልድይ ማየት ዋጋ አለው። ፈጅ የሚባለውን ጣፋጭ በመስኮት በኩል እብነ በረድ ላይ አፍስሰው ሲያገላብጡት ታያላችሁ። ስኳር ላለበት ሰው ማየቱ ይበቃል፤ ወተትና ቅቤም ስላለው ለጾም አይሆንም።

ጾም ካነሳሁ አይቀር፣ ቀኑን ስትመርጡ የኛን ካላንደር አብራችሁ ክፈቱ። ፍልሰታ ላይ አትሂዱ፤ ትንንሾቹ ከተሞች ውስጥ የጾም ምግብ ማግኘት ያስቸግራል፣ ቁርሱ ሁሉ እንቁላልና ቅቤ ነው። ለእኔ ምርጡ ጊዜ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ያለው ነው። ተማሪው ትምህርት ቤት ገብቷል፣ ሰልፉ ቀንሷል፣ ዛፉም ወደ ሰሜን ቀለም መቀየር ይጀምራል። ረቡዕና ዓርብ ግን እዚያም አለ፤ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ፍራፍሬ መኪናው ውስጥ ይኑር፣ ምግብ ቤት ደግሞ ያለ ቅቤ የተጠበሰ ድንች እዘዙ። ለማይጾም የሐይቁ ነጭ ዓሣ ትኩስ ነው፣ በትራቨርስ ሲቲ በኩል ደግሞ የቼሪ አገር ስለሆነ ከመንገድ ዳር የደረቀ ቼሪ ይሸጣሉ።

ሲመለሱ ሆላንድ የምትባል ከተማ አለች። በ1964 ከኔዘርላንድስ ተነቅሎ የመጣ የነፋስ ወፍጮ አላት፣ እስካሁን ስንዴ ይፈጫል። ውስጡ ደረጃ ነው፤ ከአትክልቱ ቦታ ሆኖ ክንፉ ሲዞር ማየት ይበቃል። የደከመ ሰው ከያዛችሁ ዝለሉት፣ ካልደከመ አንድ ሰዓት ስጡት። ከዚያ ወደ ቺካጎ ስትነዱ የገፋው ሰዓት ይመለስላችኋል፤ ቀደም ብላችሁ ከተነሳችሁ የቺካጎን የማታ መጨናነቅ ታመልጣላችሁ።