ከተማ መሃል ወይስ ሰፊ ግቢ? ኮምፒውተር ሳይንስ ለሚማር ሰው

ዩኒቨርሲቲ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የግቢውን ውበት ነው። ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ግን ሳምንቱን እንዴት እንደሚያሳልፍ ማሰቡ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥር የለውም፤ በዋሽንግተን አደባባይ ዙሪያ ሕንፃዎቹ ከከተማው ጋር ተቀላቅለዋል። እንዲህ ባለ ቦታ የዓመቱን እረፍት ሳይጠብቁ፣ ከትምህርቱ ጎን ለጎን ኩባንያ ገብቶ መለማመድ ይቻላል። በአንጻሩ ኪራዩ ውድ ነው፤ ተማሪውም ከክፍል ሲወጣ በየአቅጣጫው ይበተናል።

ይህ መበተን እንደ ቀላል አይታይ። ኦፕሬቲንግ ሲስተምንና ኮምፓይለርን (የተጻፈን ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ወደሚረዳው ቋንቋ የሚቀይር ሶፍትዌር) የመሰሉ ኮርሶች የሚገፉት በቡድን፣ አብዛኛውን ጊዜም በሌሊት ነው። ማደሪያውና ቤተ ሙከራው የተቀራረቡበት ግቢ እዚህ ላይ ያለ ጥርጥር ይበልጣል። ሞዛይክ የተባለው የድረ ገጽ ማሰሻ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው ከየትኛውም ትልቅ ከተማ ሳይሆን፣ በእርሻ መሬት ከተከበበው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኧርባና ሻምፔይን ነበር። እርግጥ ከሠሪዎቹ አንዱ ማርክ አንድሪሰን ወዲያው ወደ ካሊፎርኒያ አቀና፤ በ1994ም ከሥራ ፈጣሪው ጂም ክላርክ ጋር ኔትስኬፕ የተባለውን የማሰሻ ኩባንያ መሠረተ። ከኒውዮርክ ከተማ ርቆ ኢታካ የሚገኘው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲም ቢሆን በ2017 በከተማዋ ሩዝቬልት ደሴት ላይ ለድኅረ ምረቃ የቴክኖሎጂ ግቢ ከፍቷል።

ስለዚህ ፕሮግራም መጻፍን ገና ለሚጀምር ሰው ሰፊውን ግቢ እመርጣለሁ። እየሠራ የሚማር ወይም ለሁለተኛ ዲግሪ የሚዘጋጅ ግን ከተማው ይሻለዋል፤ በቅድሚያ የኪራዩን ሒሳብ ይሥራ እንጂ።