ቋንጣ፣ ቺዝና ማር በአንድ ጣውላ፦ ጎንደር ፒያሳ

ጎንደር ፒያሳ ውስጥ፣ በጣሊያን ዘመን ከተሠሩት ሕንፃዎች በአንዱ ሥር አንዲት ትንሽ ካፌ አለች። ሜኑዋ ላይ ሻርኩተሪ ቦርድ፣ ማለትም ጣውላ ላይ ተደርድሮ የሚቀርብ ሥጋና ቺዝ፣ የሚል አየንና ከጓደኞቼ ጋር እሱን አዘዝን። እስካሁን የቀመስኩት አብዛኛው ከሱፐርማርኬት የተገዛ ሞርታዴላና ቀዝቃዛ ቺዝ ነበር። ፎቶ ላይ ያምራል፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ሁሉም አንድ ነው። የዚህች ካፌ ለየት ይላል። ይህ አቀራረብ በመጣበት በፈረንሳይ ዋናው ነገር የአሳማ ሥጋ ነው። እዚህ ቦታውን የያዘው የበሬ ቋንጣ ነው።

ስለ ቋንጣው ሳልናገር አላልፍም። እኛ ቤት ቋንጣ ሲባል ፍርፍር ነው የሚታሰበው፤ እዚህ በደረቁ ይቀርባል። በርበሬና ጨው በደንብ ገብቶበታል። ከሁሉ በላይ የወደድኩት አቆራረጡን ነው። የሥጋውን ክር አቋርጠው፣ ስስ አድርገው ነው የሚቆርጡት። ስለዚህ ጥርስ አያታክትም፤ ትንሽ እንዳኘካችሁት ይላላል። ክሩን ተከትለው ቢቆርጡት ኖሮ ስናኝክ እናመሽ ነበር። ከጎኑ የታመሰ የመተማ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ማር አለ። ቋንጣውን ማሩ ላይ ነካ አድርጋችሁ ቅመሱት። የበርበሬው ማቃጠል ይረግባል፣ ሰሊጡ ጥርስ ሥር ቀጨም ይላል። እጅ ያስቆረጥማል።

ከባንኮኒው አጠገብ ስለተቀመጥን ሲሠራ አየሁት። ልጁ መጀመሪያ ትንንሾቹን ሳህኖች አስቀመጠ፦ ማር፣ ሰናፍጭ፣ አዋዜ። ቀጥሎ ቺዙን፣ ከዚያ ቋንጣውን ደረደረ። በየመሃሉ የቀረውን ክፍት ቦታ ቆሎ፣ ወይንና ብርቱካን አድርጎ ሞላው። ዳቦው እንዳይረጥብ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። ቺዙን ከፍሪጅ ሲያወጣ ስላላየሁት ጠየቅኩት።

«ከ30 ደቂቃ በፊት አውጥቼዋለሁ እህቴ። ቀዝቃዛውን ከበሉት ጣዕም የለውም» አለኝ።

እውነቱን ነው። ፕሮቮሎኔ የተባለው የጣሊያን ቺዝ ለስለስ ብሎ፣ ሽታው ወጥቶ ነበር። የአገራችን አይብ ላይ ግን እንዲህ አልተጠነቀቁም። ውሃው በደንብ ሳይንጠፈጠፍ በቀጥታ ጣውላው ላይ ስለቀረበ አጠገቡ ያለውን ዳቦ አበሰበሰው። በሳህን ይቅረብ፣ ይኸው ነው መፍትሔው። መጠኑ ላይ ቅሬታ የለኝም። ለመክሰስ ለአንድ ሰው ከ50 እስከ 60 ግራም ሥጋና የዚያኑ ያህል ቺዝ ይበቃል፤ እዚህ የሚቀርበው ከዚያ አያንስም።

ካፌዋ ለምርቃት፣ ለልደትና ለቢሮ ስብሰባ የነፍስ ወከፍ መክሰስም ታዘጋጃለች። ክዳን ባለው የወረቀት ኩባያ ውስጥ በስቴኪኒ የተሰካ ቺዝ፣ ቋንጣና ቲማቲም፣ ከጥቂት ብስኩት ጋር። ለእኔ ከጣውላው የሚበልጠው ይሄ ነው። ከአንድ ትሪ መብላት እንደምንወድ የታወቀ ነው። ግን ጎንደር ውስጥ ድግስ ሲደገስ ክርስቲያንም ሙስሊምም ይጠራል፤ የአንዱን ሥጋ ሌላው አይበላም። ጿሚም አይጠፋም። ሥጋና አይብ የተነካካበት ጣውላ መሃል ላይ ቢቀመጥ ግማሹ እንግዳ ዳቦውን እንኳ ሳይነካ ይቀራል። ለየብቻ ሲሆን ሁሉም የራሱን ይዞ፣ ሳይሳቀቅ፣ አብሮ ይጫወታል። ካፌዋ ይሄ ገብቷታል። የሥጋውን፣ ሥጋ የሌለበትንና የጾሙን ክዳኑ ላይ ጽፋ ነው የምትሰጠው። እንዲህ ያለ አሳቢነት በጣም ደስ ይለኛል። ብስኩቱ ግን ከቲማቲሙ ጋር ስለሚታጨቅ ይልሞሰሞሳል፤ ለብቻው በወረቀት ቢጠቀለል ጥሩ ነበር።

የጾሙ ነገር አሳዝኖኛል። ሥጋውና ቺዙ ተነስቶ በምትኩ ኦቾሎኒ ተጨመረ፣ በቃ። ጾም በበዛበት አገር ጿሚ ደንበኛ ከዚህ የተሻለ ይገባዋል። ስልጆ እያለ! አዚፋ እያለ! የደምቢያ ሽምብራ ቅርብ ነው፤ ተቆልቶም ሆነ ተቀቅሎና ተፈጭቶ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ይቀርባል። ሰናፍጩ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ስልጆ መሃል ላይ፣ ዙሪያውን ትኩስ ድፎ ዳቦና ዳቦ ቆሎ ቢደረግ፣ እኔ በፍስክም አዘው ነበር።

ዋጋው ተመጣጣኝ ነው፤ የሁለት ሰው ጣውላ ከአንድ ክትፎ ብዙም አይበልጥም። መስተንግዶው ፈጣን ነው። ከማኪያቶ ይልቅ በቅርንፉድ የፈላው ሻይ አብሮት ይሄዳል። ለድግስ ከሆነ ቀደም ብላችሁ እዘዙ፤ አይብ ያለበትንም ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አታቆዩት። ረቡዕና ዓርብ ቋንጣውን አያቀርቡም። ለእሱ ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ ሐሙስ ወይም ቅዳሜ ይሻላል።