ግድግዳ ሳያፈርስ የስፒከር ሽቦ ለዘረጋልን የሰኞ ገበያ ልጅ

ደሴ ውስጥ ጥሩ ባለሙያ ማግኘት ቀላል አይደለም። ያገኘ ሰው ደግሞ ስልኩን እንደ ደህና የቤት ሠራተኛ ይደብቃል። እኔ አልደብቅም። የቤታችንን የስፒከር ሽቦ በኮርኒስና በግድግዳ አሳልፎ ላስተካከለልን ልጅ ምስጋናም ጥቆማም ይገባዋል። ስሙን በአደባባይ አላወጣም። ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚኖር ወጣት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ስልኩን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ።

ወንድሜ ከአዲስ አበባ አንድ አምፕሊፋየርና ስድስት ስፒከር ይዞ መጣ። ሁለቱ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ፣ ሁለቱ ከሶፋው በስተኋላ፣ የቀሩት ሁለቱ መንዙማ ለሚወደው አባቴ መኝታ ክፍል። ሐሳቡ ደስ ይላል። ሽቦው ግን ሳሎኑን ሞላው። እናቴ ረከቦት ይዛ ባለፈች ቁጥር እግሯን ይይዛታል። ምንጣፍ ስር ስንደብቀው ምንጣፉ ጎበጠ። በመጨረሻ «ወይ ሽቦው ይውጣ፣ ወይ እኔ ልውጣላችሁ» አለች።

«ለምን ብሉቱዝ አትገዙም?» ያላችሁን ብዙ ናችሁ። ገመድ የለውም የሚባለው ስፒከርም እኮ ወይ መብራት ወይ ቻርጅ ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ ሶኬት ሊፈለግለት ነው። አንዱን ገመድ ጥሎ ሌላ ገመድ መጎተት ምን ይሉታል?

ዋናው ጣጣ ቤታችን ነበር። የፊተኛው ቤት አያቴ ያሠሩት የጭቃ ቤት ነው። እንጨት፣ ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ከላዩ የሲሚንቶ ልስን። ከጀርባ ያሉት ክፍሎች በብሎኬት የተጨመሩት በኋላ ነው። መጀመሪያ የጠራነው ሌላ ባለሙያ ገና ከበሩ ሳይገባ «ግራይንደር ላምጣና ዙሪያውን ልቅደደው» አለ። ጭቃ ቤት በግራይንደር! ልስኑ አንዴ ከጭቃው ከለቀቀ የት ጋ እንደሚቆም ማን ያውቃል? እናቴ ቡና እንኳ ሳታቀርብለት ሸኘችው። ወሎ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

የሰኞ ገበያው ልጅ ሲመጣ መሣሪያውን ከቦርሳው አላወጣም። መጀመሪያ ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ ከክፍል ክፍል ዞረ። «ይኼ ድፍን ነው፤ ከላይ ሽቦ ብለቅበት አይወርድም። የጓሮው ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ ግን መሐል ላይ ሲሚንቶ ሊዘጋው ይችላል» አለኝ። ከዚያ ተቀምጦ ቤቱን ወረቀት ላይ ሣለው። ሽቦው በየት ወጥቶ በየት እንደሚወርድ፣ ስንት ሜትር ቱቦ እንደሚፈልግ፣ የእጁንም ዋጋ እዚያው ጻፈ። ሥራው ሲያልቅ የከፈልነው ያንኑ የተጻፈውን ነው። «ሥራው ከበደኝ፣ ትንሽ ጨምሩልኝ» የሚባል ነገር አልሰማንም።

ሽቦ ልንገዛ ፒያሳ ወረድን። ሻጩ ባለ 4 (የመዳቡ ውፍረት 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነውን) ካልወሰዳችሁ ድምፅ አይወጣም ብሎ ድርቅ አለ። ልጁ ግን ቤት እያለ ስፒከሮቹን ገልብጦ ከጀርባቸው የተጻፈውን አይቶ ነበር፤ 8 ኦም ናቸው፤ ኦም ማለት ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው የመቋቋም መጠን ነው። «ለ8 ኦም እስከ 15 ሜትር ድረስ ባለ 1.5 መዳብ ይበቃል። 4 ኦም ቢሆኑ ኖሮ ባለ 2.5 እንወስድ ነበር» አለ። ሽቦ ሲረዝምና ሲቀጥን የአምፕሊፋየሩ ጉልበት መንገድ ላይ ይባክናል። ከልክ በላይ ማወፈር ደግሞ የሚጠቅመው ሻጩን ነው። የእኛ ረጅሙ መስመር ወደ አባባ ክፍል የሚሄደው ሲሆን 13 ሜትር ገደማ ነው።

ባለ 1.5ቱን ሲያወጡለት ደግሞ ዝም ብሎ አልተቀበለም። ከጫፉ አንዲት ክር ለይቶ በምላጭ ፋቅ ፋቅ አደረጋት። ከላይ ቀይ የነበረችው ውስጧ ነጭ ሆነ። አሉሚኒየም ነው፤ ከላዩ መዳብ ለብሶ ነው እንጂ። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ከመዳብ ያንሳል፤ ሲጠማዘዝም ቶሎ ይሰበራል። ልጁ ሳይጨቃጨቅ ጥቅሉን መልሶ ቀጣዩ ሱቅ ገባ። እዚያ የፋቃት ክር እስከ ውስጧ ቀይ ነበረች። ሽቦ ስትገዙ ምላጭ ያዙ፤ ሻጩ ቢያኮርፍም ያኩርፍ።

ሥራው የተጀመረው በማለዳ ነው። ቆርቆሮው ፀሐይ ከመታው በኋላ ኮርኒስ ውስጥ መቆየት አይቻልም። የደሴ ብርድ እዚያ አይደርስም። ኮርኒሳችን የአቡጀዴ ስለሆነ ሞራሌው ላይ ብቻ እየረገጠ፣ ሽቦውን በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ እያስገባ ዘረጋው። «ቱቦውን ማን ያየዋል ብለህ ነው?» አልኩት ከታች። «አይጥ ያየዋል» አለኝ። እውነቱን ነው። ሌሊት ሌሊት እላያችን ላይ የሚሯሯጠውን እኛው ነን የምናውቀው።

ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ተቀየረ። «እህቴ፣ ቶሎ ቆጣሪውን አጥፊልኝ!» አለ። የድሮው የመብራት መስመር ላይ አንድ መቀጠያ አግኝቶ ነው። ሁለቱ ሽቦዎች እንዲሁ ተጠማዘው ታስረዋል። ናስትሮው ደርቆ ተላቋል። መዳቡ ራቁቱን አቡጀዴው ላይ ተጋድሟል። 220 ቮልት ነው እንግዲህ፤ እኛ ከሥሩ ተቀምጠን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስንል ኖረናል። የጠራነው ለስፒከር ነው። አይቶ ቢያልፈው ማን ያውቅበታል? ቆርጦ አስተካክሎ፣ ስካቶላ (የሽቦ መገናኛ ሳጥን) ውስጥ በማያያዣ አጥብቆ ዘጋው። የዕቃውን ብቻ ተቀበለ፤ የእጁን አልጠየቀም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በግማሹ ለዚህች ነገር ነው።

የስፒከሩን ቱቦ ከመብራቱ መስመር ጋር አላቀላቀለውም። ጎን ለጎን በሚሄዱበት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አራራቃቸው። መገናኘት ግድ በሆነበት ቦታ ደግሞ ቀጥ ባለ መስቀል አሻገረው። ሁለቱ ተጠጋግተው ርቀት ከሄዱ የመብራቱ እምምታ ስፒከሩ ላይ ሊሰማ ይችላል። አንድ ቱቦ ውስጥ ከገቡማ የባሰ ነው። አንዱ ሽቦ ቢላጥ 220ው ቀጥታ አምፕሊፋየሩ ላይ፣ ከዚያም ሰው እጅ ላይ ነው። «ቱቦ ለመቆጠብ ብለው አንድ ላይ የሚከቱ አሉ፤ እኔ ግን ገንዘብ ቢጨመርልኝም አልሠራውም» አለ።

በጭቃው ቤት በኩል ግድግዳውን አልፈለፈለም። ከበሩ መቃን ጎን ያለውን ጠፍጣፋ እንጨት በቀስታ ነቅሎ ሽቦውን ከጀርባው አወረደና እንጨቱን መልሶ መታው። ከታች ዞኮሎውን፣ የግድግዳውን ግርጌ ጠርዝ፣ አላቆ በዚያ ስር እስከ ሶፋው ጀርባ ወሰደው። መበሳት የነበረበት ከሳሎን ወደ ኮሪደር የሚያሳልፈውን አንድ ቦታ ብቻ ነው። እሱን ቆሜ አየሁት። መጀመሪያ ከቀዳዳው ሥር ፌስታል አፉን ከፍቶ በናስትሮ ለጠፈ። ከዚያ ድሪሉን መምታቱን አጥፍቶ፣ በረጅም ፑንታ ቀስ እያለ ሰረሰረ። ጭድ የተቀላቀለበት ደረቅ ጭቃ እየተንኮታኮተ ፌስታሉ ውስጥ ወረደ። ምንጣፉ ላይ ምንም አልወደቀም። እናቴ ፌስታሉን አይታ «ይኼን ልጅ እናቱ በደንብ ነው ያሳደገችው» አለችና ቡናውን በጤና አዳም ልታፈላ ገባች።

ብሎኬቱ ግን አስቸገረ። ከላይ በስቶ ሲባጎ ላይ ዳዶ አስሮ ወደ ውስጥ ለቀቀው። ኳ ኳ እያለ ወረደና መሐል ላይ ቆመ። እንደፈራው ሲሚንቶ ዘግቶታል። እዚያው ቦታ ትንሽ ከፍቶ፣ የደረቀውን ሲሚንቶ ጎርጉሮ አወረደው። ቀዳዳውን በኋላ በስቱኮ ደፈነው። ግድግዳ ውስጥ አንድም ቦታ ሽቦ አልቀጠለም። ሁሉም ከአምፕሊፋየሩ እስከ ስፒከሩ ድረስ አንድ ወጥ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ የየትኛው ክፍል እንደሆነ ተጽፎበታል። ቱቦዎቹ ውስጥ ደግሞ ትርፍ ሲባጎ ትቶልናል፤ ነገ ሌላ ሽቦ ለመሳብ ብንፈልግ እንደገና መበሳት አይኖርም።

አምፕሊፋየሩን ከመክፈቱ በፊት መስመሮቹን በቴስተር ለካ። ከዚያ የግድግዳ ሰዓታችንን ባትሪ ለመነን። 1.5 ቮልቷን ባትሪ ከአምፕሊፋየሩ በኩል ባሉት የሽቦ ጫፎች ላይ ለቅጽበት ነካ ያደርጋታል፤ እኔ ስፒከሩ ጋ ቆሜ አያለሁ። የባትሪው ፕላስ ከስፒከሩ ፕላስ ጋር ከተገናኘ የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ብቅ ይላል። ከተገለበጠ ወደ ውስጥ ይገባል። ከሶፋው ኋላ ያለው የግራው ወደ ውስጥ ገባ። ስነግረው መጥቶ አዟዟረው። ከጥንዱ አንዱ ብቻ ሲገለበጥ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። መንዙማ ላይ ድቤው የሳሳ የሚመስላችሁ ቤት ካለ ቴፑን ከመስደባችሁ በፊት ይቺን ሞክሩ።

አባባ መጀመሪያ መንዙማውን ሰማ። «ድቤው እኮ እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው!» ብሎ ልጁን መረቀው። እናቴ ደግሞ አምባሰል ይከፈትልኝ አለች። አምባሰልና ባቲ የተወለዱበት አገር ቁጭ ብለን በአንድ ስልክ ስፒከር ስንሰማ መክረማችን ያስቃል።

እንከን የለውም አልልም። ሰዓት ላይ ደካማ ነው፤ 2 ሰዓት ካላችሁ 3 ሰዓት ጠብቁት። መሰላል ላይ ካለ ስልክ አያነሳም፤ ይህንንስ እንደ ጥፋት አልቆጥረውም። ቀለም አይቀባም። ስቱኮ የነካው ቦታ አሁንም ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ቀለሙ የእኛ ዕዳ ነው።

ኮምቦልቻም ወርዶ ይሠራል፤ የትራንስፖርቱን ግን እናንተ ትችላላችሁ። ከመጥራታችሁ በፊት ስፒከሩ የት እንደሚቀመጥ ወስኑ፤ ከስፒከሩ ጀርባ የተጻፈውን ኦምም ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት። ዓርብ ከሰዓት አይሠራም፤ ጁምዓ ነው። እኛ ቤት መጥታችሁ ሥራውን ማየት ከፈለጋችሁም ቡና አለ።