ስልኩ ፈጥኖ ኮምፒውተሩ ብቻ ከተንቀራፈፈ ቡስተር አትግዙ

ባለፈው ኅዳር 8,400 ብር ከፍዬ ኢንተርኔቴን ይበልጥ አዘገየሁት። ቀልድ አይደለም። ከመክፈሌ በፊት ኮምፒውተሬ ላይ የሚደርሰው በሰከንድ 2 ሜጋቢት ገደማ ነበር። ከከፈልኩ በኋላ 1 እንኳ አልሞላም። ያንኑ ቡስተር የሚሉትን የዋይፋይ ማጠናከሪያ ለሰፈሬ ሰዎችም እያዞሩ መሆኑን ስለሰማሁ ነው የምጽፈው። የሱቁን ስም አልጠራም። ስም ብጠራ ነገ በሌላ ስም ይከፈታል፤ አካሄዱን ማወቁ ይሻላል።

ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው የምኖረው። ቤቴ ተቀምጬ የትንንሽ ነጋዴዎችን ሂሳብ እሠራለሁ። አንዲት ያገለገለች ዴስክቶፕ አለችኝ። ቤታችን የ10 ሜጋቢት ዋይፋይ ገብቷል። ልጆቹ ስልካቸው ላይ ቪዲዮ ያያሉ፤ አንድም ቀን ተቆራረጠ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ግን አንድ ኢሜይል እስኪከፈትልኝ ጀበናው ፈልቶ ይወርዳል። አንዳንዴ የደንበኛ ሰነድ በስልኬ አውርጄ፣ በገመድ ወደ ኮምፒውተሩ አሻግር ነበር። እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። ስልኩም ኮምፒውተሩም የሚቀዱት ከአንድ ወንዝ ነው። ወንዙ ሞልቶ አንዱ እንስራ ብቻ ካልሞላ፣ መታየት ያለበት እንስራው ነው።

አልነቃሁም። ባለሙያ ጠራሁ።

ልጁ ሰው የሚያሳምን ዓይነት ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። «ማዘር» እያለ ነው የሚያወራኝ። የእኔን ኮምፒውተር አልነካውም። የራሱን ላፕቶፕ ከቦርሳው አወጣ፣ ዋይፋዩን የሚያሠራጨው ራውተር አጠገብ ቁጭ አለና አንድ ትልቅ ፋይል ማውረድ ጀመረ። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። 1.1 ይላል።

«አዩ ማዘር? የሚከፍሉት ለ10 ነው። የሚደርስዎ 1.1 ብቻ ነው። መስመሩ ደክሟል። አዲስ ራውተርና ቡስተር ይፈልጋል።»

ደሜ ፈላ። በእሱ አይደለም፣ በመስመሩ።

ያኔ ያላወቅኩት ነገር ይህ ነው። ፓኬጅ የሚሸጥልን በሜጋቢት ነው። ፋይል ስናወርድ ስክሪኑ ላይ የምናየው ደግሞ ብዙ ጊዜ በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። 10 ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል 1.25 ሜጋባይት ይመጣል። መንገድ ላይ ትንሽ ስለሚባክን፣ 1.1 ማየት ማለት መስመሩ ደህና ነው ማለት ነው። ልጁ መስመሩ ታሟል ብሎ ያቀረበው ማስረጃ ለመስመሩ ጤንነት የሚመሰክር ነበር! አውቆ ይሁን ሳያውቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሁለቱም አያስደስትም።

ሂሳቡ እንዲህ ሆነ። ራውተር 4,200፣ ቡስተር 2,400፣ «ማፍጠኛ» የሚለው ፕሮግራም 1,000፣ የእጅ 800። ደረሰኝ ስጠይቅ «በደረሰኝ ከሆነ ቫት 15 በመቶ ይጨመራል፣ ለእርስዎ ብዬ ነው» አለኝ። የሰው ደረሰኝ ስለቅም የምውል የሂሳብ ሠራተኛ፣ ለራሴ ሲሆን ያለ ደረሰኝ ከፈልኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ አፍራለሁ።

ኮምፒውተሬን ከቡስተሩ ጋር አገናኝቶ ሄደ። ማታ ላይ ገጾቹ ጭራሽ መከፈት እምቢ አሉ። ሲከፈቱም በየጎኑ ማስታወቂያ ይግተለተላል። ደወልኩለት። «ፓኬጁን ወደ 25 ያሳድጉት» አለኝ። በየወሩ ተጨማሪ ክፍያ ማለት ነው። እንኳንም እዚያ ላይ አቅማማሁ።

ጉዳዩን የፈታችው የእህቴ ልጅ ናት፤ ፖሊ ቴክኖሎጂ ነው የምትማረው። ቅዳሜ ምሳ ልትበላ መጥታ፣ እኔ ስነጫነጭ አይታ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«አክስቴ፣ ስልክሽን ኮምፒውተሩ አጠገብ አድርገሽ ለክተሽው ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። የስልኩን ሞባይል ዳታ አጠፋችው። ይህችን ልብ በሉ፤ ካልጠፋ የምትለኩት የሲም ካርዱን ሊሆን ይችላል። ልጆቹን ቪዲዮ አቁሙ አለቻቸው። ከዚያ ስልኩን ኪቦርዱ ላይ አስቀምጣ ስፒድ ቴስት የሚባል የፍጥነት መለኪያ ገጽ ከፈተች። 9.4። ያንኑ ገጽ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተች። 0.9። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ያ ልጅ ይህችን ሁለት ደቂቃ ቢያጠፋ ኖሮ አንድ ሳንቲም አልከፍልም ነበር። ለዚህም ይሆናል ያላጠፋት።

መጀመሪያ ቡስተሩን ነቀለችው። ቡስተር ፍጥነት አይወልድም፤ ሥራው ከራውተሩ የሰማውን መድገም ነው። ርካሾቹ በአንድ ሬዲዮ ነው የሚሰሙትም የሚናገሩትም። ስለዚህ ጊዜያቸው ለሁለት ይከፈላል፤ ፍጥነቱም ወደ ግማሽ ይወርዳል። የራውተሩ ሞገድ ጨርሶ የማይደርስበት የጓሮ ክፍል ካላችሁ ሊጠቅማችሁ ይችላል። የእኔን ኮምፒውተር ከራውተሩ የሚለየው ግን አንድ የብሎኬት ግድግዳ ብቻ ነው።

ቀጥላ ጠረጴዛው ሥር በርከክ አለችና ሳቀች። ኮምፒውተሩ ዋይፋይ የሚይዘው ጥፍር በምታህል ዶንግል ነው። ዶንግሏ ከሲፒዩው ኋላ ተሰክታለች። ከፊቷ የሲፒዩው ብረት፣ ከኋላዋ ግድግዳ፣ ከላይዋ ብረት ጠረጴዛ። ሞገድ ብረት አይወድም። በዚያ ላይ የተሰካችው ሰማያዊው ዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ነው። ሰማያዊው ብዙ ጊዜ ዩኤስቢ 3 ነው፤ እሱ ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ላይ የሚረብሽ ሞገድ ይለቃል። ዋይፋይ ብዙ ጊዜ የሚሄድባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው፤ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ። ዶንግሏ ደግሞ ከ2.4 ሌላ አታውቅም። ስለዚህ ያ 4,200 ብር የወጣበት አዲስ ራውተር «5 ጊጋኸርዝ አለው» የተባለለት ነገር ለእኔ ኮምፒውተር ምኑም አይደለም። ደንቆሮ ፊት ክራር እንደመምታት ነው።

በአጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ዶንግሏን ከጠረጴዛው ላይ አወጣቻት። 5 ደረሰ።

ሦስተኛው «ማፍጠኛው» ነበር። ከኮምፒውተሩ የሚወጣውን ሁሉ በማናውቀው ቦታ በኩል ያዞረዋል። ከአባይ ማዶ ጊዮርጊስ ለመሄድ በጢስ አባይ እንደመዞር በሉት። ሴቲንግስ ውስጥ፣ ኔትወርክ የሚለው ሥር፣ እንዲህ ያለው ማዞሪያ የሚጻፍበት ፕሮክሲ የሚባል ቦታ አለ። እኛ ሳናውቀው በርቶ አድራሻ ተጽፎበታል። ፕሮግራሙን አራገፈችው፣ ፕሮክሲውን አጠፋችው፣ በቫይረስ መከላከያ አስፈተሸችው። 7 ሆነ። ማስታወቂያውም አብሮ ሄደ። መሥሪያ ቤት ያስገባላችሁ ፕሮክሲ ከሆነ ግን ሳትጠይቁ አትንኩት። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን በዚያ ኮምፒውተር ባንክና ኢሜይል ከፍቼ ስለነበር፣ የይለፍ ቃሎቼን በሙሉ ቀየርኩ። ከብሩ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄኛው ነው።

በመጨረሻ 15 ሜትር የኔትወርክ ኬብል ገዝቼ ከራውተሩ ቀጥታ ሳብነው። አሮጌውን ራውተር ነው የመለስነው፤ ለ10 ሜጋቢት መች አነሰና። 9.4። ከስልኩ እኩል። ኬብሉም፣ ማራዘሚያውም ተደምሮ 700 ብር አልሞላም።

ሱቁ ሄድኩ። ልጁ አልነበረም፣ ባለቤቱ ነው የተቀበለኝ። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱን በጣቱ አሳየኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ሄዶ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታም አለበት። እኔ በ9ኛው ቀን ነው የሄድኩት። ግን መግዛቴን በምን ላሳይ? «ከእኛ ለመግዛትዎ ምን ማስረጃ አለ?» ሲለኝ ዝም አልኩ። ደረሰኝ ይዤ ቢሆን ቀጥታ ክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ነበር የምሄደው። ከቫቱ ያተረፍኩ መስሎኝ ክርክሩን በገዛ እጄ ሸጥኩት።

ሌሎች ሊሸጡላችሁ የሚሞክሯቸው ነገሮችም አሉ። «ራም ጨምሩ» ይላሉ። ራም ማለት ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ ነው፤ እሱ ሲያንስ ኮምፒውተሩ በሙሉ ይንቀራፈፋል፣ ኢንተርኔቱ ብቻ አይደለም። ኢንተርኔት ሳትከፍቱ ወርድና ኤክሴል ከፈጠኑ፣ ችግሩ ራም መሆኑን እጠራጠራለሁ። «ዊንዶውስ 11 ካልጫናችሁ አይፈጥንም» የሚልም አለ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ያ የደህንነት ጉዳይ ነው፣ የኢንተርኔት ፍጥነት ጉዳይ አይደለም።

ከዚያ ይልቅ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ተስክ ማናጀር ይከፈታል። ኔትወርክ የሚለውን ዓምድ ስትጫኑት ማን እየበላ እንደሆነ ከላይ ወደ ታች ይደረደራል። የዊንዶውስ አፕዴት ሊሆን ይችላል፤ ጨርሶ ይተዋችኋል። ፎቶ ወደ ክላውድ የሚጭን ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ የተዘነጋ ቪፒኤን ነው፤ እሱም ኢንተርኔቱን በሌላ ቦታ በኩል የሚያዞር ፕሮግራም ነው። በአንዱ ብራውዘር ቀርፍፎ በሌላው ከፈጠነ፣ የመጀመሪያው ላይ የጫናችኋቸውን ተጨማሪዎች (ኤክስቴንሽኖች) አጥፉ። ኬብል ተጠቅማችሁም ከቀረፈፈ ሌላ ኬብል ሞክሩ፤ አይጥ የነካው ወይም በር ሥር የተጨፈለቀ ኬብል መብራቱ እየበራም ፍጥነቱ ሊወርድ ይችላል።

ስልኩም ኮምፒውተሩም እኩል ከቀረፈፉ ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ መስመሩ ወይም ራውተሩ ነው። ራውተሩን ነቅላችሁ መልሱት። ካልተሻለው የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆናችሁ 994 ደውሉ። ይህም ቢሆን ከሱቅ በፊት ነው።

አዲሱ ራውተር ከነካርቶኑ ቡፌ ላይ ተቀምጧል። ሸጬው ግማሹን እንዳላስመልስ፣ ያው ደረሰኝ የለውም። ቡስተሩን ልጆቹ ለምልክትነት ይጠቀሙበታል፤ መብራት ሲመጣ ሰማያዊ ያበራል።

ትናንት ሽምብጥ የምትኖር ጓደኛዬ ደወለች። የእሷም ኮምፒውተር ብቻ ነው የሚጎተተው። «አንድ ጎበዝ ልጅ ነገ 4 ሰዓት ይመጣልኛል፣ ጫማውን እንኳ በር ላይ ነው የሚያወልቀው አሉ» አለችኝ። ልጁ ከመድረሱ በፊት የስልኳን ሞባይል ዳታ አጥፍታ ኪቦርዱ ላይ እንድታስቀምጠው ነገርኳት።